የገጠር መንገድ ሞተር ብስክሌት የፊት ፎርክ ሞላ እንዴት ይመረጣል? በሐዋሳ ዙሪያ ለሚነዱ ሰዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ከሐዋሳ ተነስቶ ወደ ቦርቻ፣ ወደ ሎካ አባያ ወይም ወደ ሁላ በሞተር ብስክሌት የሚመላለስ ሰው «የፊቱ ለሰለሰብኝ፤ ፍሬን ስይዝ ይደፋል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ጓ ይላል» ብሎ ሲያማርር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ከሦስት አንዱ ነው፤ ዘይቱን አወፍረው፣ ከሞላው በላይ ቁራጭ ቱቦ ጨምርበት፣ ወይም ጠንካራ ሞላ ፈልግ ይባላል። ሦስቱ የተለያየ ሥራ ያላቸው ነገሮች ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ አይችልም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ በቁጥር ማወቅ ይኖርብናል።

የሞላ ጥንካሬ የሚባለው ሞላውን 1 ሚሊ ሜትር ለመጭመቅ የሚያስፈልገው ክብደት ሲሆን፣ በኪሎ በሚሊ ሜትር ወይም በኒውተን በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ አንድ ኪሎ 9.81 ኒውተን ነው። በሁለቱ የፎርክ እግሮች (የፊት ጎማውን በግራና በቀኝ በሚይዙት ቱቦዎች) ውስጥ 0.40 ጥንካሬ ያላቸው ሁለት ሞላዎች ቢኖሩ ጭነቱን አብረው ስለሚሸከሙ ድምራቸው 0.80 ይሆናል፤ 100 ሚሊ ሜትር ሲጨመቁ 80 ኪሎ፣ 200 ሚሊ ሜትር ሲጨመቁ 160 ኪሎ ይመልሳሉ። በእነዚህ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቱቦ ብንጨምር ፎርኩ ገና ከመነሻው 16 ኪሎ ይከብዳል፤ በመሐልም በመጨረሻም የሚጨምረው ያው 16 ኪሎ ብቻ ነው። ሞላውን ወደ 0.44 ብንቀይር ግን በመነሻው ላይ ያለው ለውጥ ትንሽ ሆኖ፣ 100 ሚሊ ሜትር ላይ 8 ኪሎ፣ 200 ሚሊ ሜትር ላይ 16 ኪሎ እያለ አብሮ ያድጋል። ዘይቱ ደግሞ ክብደት አይሸከምም፤ የሚሠራው ፎርኩ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነቱን ይገታል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ወፍራምም ቀጭንም ዘይት ያለው ፎርክ እኩል ዝቅ ብሎ ይቆማል።

ይህን ልዩነት የተማርኩት በመውደቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሞተሬ ፊት ለስልሶብኝ ስለነበር፣ በየእግሩ ከሞላው በላይ 40 ሚሊ ሜትር የውሃ ቱቦ ቆርጬ ጨመርኩበት። በከተማው አስፋልት ላይ መሻሻል መሰለኝ። ከሁላ ከፍታ ወደ አለታ ወንዶ አቅጣጫ ጠጠር መንገድ ይዤ ስወርድ ግን ፎርኩ በየጉብታው ማለፊያ ላይ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ «ቋ» እያለ ይመታ ጀመር፤ የፊት ጎማው ወደ ጉድጓዱ ወርዶ መሬቱን የሚከተልበት ቦታ አልነበረውም። በአንድ ኩርባ ላይ ጠጠሩን ለቆ ሸሸና በክርኔ ላይ ወደቅኩ። ቤት ደርሼ ስለካው ሞተሩ ብቻውን ቆሞ የፊት ፎርኩ ዝቅ የሚለው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ሞላው እንደ ድሮው ለስላሳ ሆኖ ሳለ እኔ መነሻውን ብቻ አክብጄው ነበር።

ሞላ ከመግዛት በፊት አሁን ያለው ፎርክ በጤናው መሆኑ ይረጋገጥ። በአንድ ወቅት የሌላ ሞተር ፎርክ ይዤ የሄድኩባቸው አንድ አረጋዊ መካኒክ «ጋሼ፣ ሞላው ደክሞ ነው አይደል?» ብዬ ስጠይቃቸው መልስ ሳይሰጡ ከአቧራ መከላከያው ጎማ በታች ጣታቸውን አሹ፤ ጥቁር ዘይት የተቀላቀለበት ጭቃ ወጣ። «ሞላው ምን አደረገህ ልጄ፣ ዘይቱ እኮ አልቋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ዘይት የሚይዘው ጎማ ተቀይሮ ዘይቱ በልኩ ሲሞላ ሞተሩ ዳነ። ከቦርቻ ቆላ የሚነሳው ደቃቅ አቧራ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ቶሎ ስለሚበላው፣ በዚህ አካባቢ ለስላሳ የሚባሉ ፎርኮች ከፊሎቹ ዘይት የጎደላቸው ናቸው። ሞላው ራሱ በዕድሜ ብዛት የሚያጣው በአብዛኛው ርዝመቱን ነው፤ ጥንካሬው እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ሞላው ወጥቶ ርዝመቱ በአምራቹ መመሪያ ላይ ካለው ዝቅተኛ ልክ ጋር ይነጻጸር፤ በልኩ ውስጥ ሆኖ ጥቂት ሚሊ ሜትር ካጠረ የጎደለውን ያህል ቱቦ መጨመር በቂ ነው፤ ከልኩ በታች ከወረደ ግን ይለወጥ።

ቀጥሎ የሚመጣው ዝቅታን፣ ማለትም ፎርኩ ክብደት ሲያርፍበት የሚወርደውን መጠን፣ መለካት ነው። በሚያብረቀርቀው የፎርክ ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ ከታችኛው እግር አፍ እስከ ላይኛው ማቀፊያ ያለውን ርዝመት ለኩ። ከዚያ ሞተሩን አውርዳችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ለኩ፤ ልዩነቱ የባዶ ዝቅታ ነው። በመጨረሻ ነጂው የዘወትር ልብሱን፣ ቦርሳውንና ሄልሜቱን ይዞ ይቀመጥና ሌላ ሰው ይለካ፤ ይህ የነጂ ዝቅታ ነው። ፎርክ ውስጥ ፍትጊያ ስላለ አንድ ንባብ አይበቃም፤ አንድ ጊዜ ወደ ታች ተጭነው ቀስ ብለው ሲለቁት፣ ሌላ ጊዜ ወደ ላይ አንስተው ቀስ ብለው ሲያወርዱት ይለካና አማካዩ ይወሰድ። ሁለቱ ንባቦች እጅግ ከተራራቁ ቱቦው ተጣሟል ወይም ፎርኩ በማቀፊያው ውስጥ ተጠማዟል ማለት ስለሆነ፣ ሞላ ከመፈለግ ይልቅ ይህ ይቃና።

ለገጠር መንገድ የነጂ ዝቅታ ከሙሉ ምልልሱ (ፎርኩ ከተዘረጋበት እስከ ተጨመቀበት ጫፍ ከሚሄደው ርቀት) ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ፣ የባዶው ደግሞ ከ10 እስከ 17 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ምልልሱ 200 ሚሊ ሜትር ለሆነ ፎርክ ይህ ከ50 እስከ 65 እና ከ20 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ትልቁ ቁም ነገር ያለው ሁለቱን አብሮ በማንበብ ላይ ነው። የነጂው ዝቅታ ልክ ሆኖ የባዶው ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሞላው ለስላሳ ነው፤ ልክ የመሰለው በመነሻ ጭመቃ ብዛት ነው፤ የመነሻ ጭመቃ ማለት ፎርኩ ተዘርግቶ ሳለ ሞላው አስቀድሞ የተጨመቀበት ልክ ነው። የነጂው ልክ ሆኖ የባዶው ከነጂው ብዙ የማይርቅ ከሆነ ደግሞ ሞላው ጠንካራ ነው፤ ልክ የመሰለው የመነሻ ጭመቃ ስለሌለው ነው። የነጂው ክብደት አብዛኛው በኋላ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ከፊት በኩል በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ በግምት የሚለካ ሰው 5 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት መደምደሚያው ይገለበጥበታል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንሂድ። የሰው ክብደት መለኪያ ሚዛን ከፊት ጎማው ሥር አድርጉ፤ የኋላ ጎማውን በዚያው ከፍታ ባለ ጣውላ ላይ አቁሙት። በእኔ ሞተር ላይ ነጂው ተቀምጦ ሚዛኑ 85 ኪሎ አነበበ። ከዚህ ውስጥ ጎማው፣ ቸርኬው፣ የፊት ፍሬኑና የፎርኩ ታችኛ እግሮች በሞላው ላይ የሚያርፉ አይደሉም፤ እነሱን 14 ኪሎ ብንል 71 ይቀራል። ፎርኩ 27 ዲግሪ ያህል ጋደል ያለ ስለሆነ በሞላው አቅጣጫ የሚመጣው ከዚህ 89 በመቶ፣ ማለትም 63 ኪሎ ነው። የምንፈልገው የነጂ ዝቅታ 60፣ የመነሻ ጭመቃው 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሞላው በጠቅላላው የሚጨመቀው 75 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 63 ለ75 ሲካፈል 0.84፣ ለእያንዳንዱ እግር 0.42 ይመጣል። የሞተሩ የመጀመሪያ ሞላ 0.35 ስለነበር በተመሳሳይ የመነሻ ጭመቃ የነጂ ዝቅታው 75 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ይህም ገና ጉዞ ሳይጀመር ከምልልሱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ተበልቷል ማለት ነው። በፎርኩ ውስጥ የታፈነው አየርም ጥቂት ስለሚሸከም ስሌቱ በሁለት ቁጥር መካከል ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ለስላሳውን መምረጥ ይሻላል። የታወቁ አምራቾች ሞላን ብዙ ጊዜ በ0.02 ልዩነት ያዘጋጃሉ። ከተገኘው ቁጥር በላይ ሁለትና ሦስት ደረጃ ዘልሎ «ለማንኛውም ይበርታ» ብሎ መግዛት በሐዋሳ ኮብልስቶን ላይ እጅ የሚያደነዝዝ ሞተር ይፈጥራል።

ጭነትን በተመለከተ የሚታየው ስህተት እጅግ የተስፋፋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ቡና ወይም እህል በኋላ መጫኛ ላይ የሚያስር ሰው «ጭነት ስለምጭን የፊቱ ሞላ ይጠንክር» ይላል። የመጫኛው መሐል ከኋላ አክሰል 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆንና በሁለቱ አክሰሎች መካከል 135 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ 40 ኪሎ ጆንያ ከፊት ጎማው ላይ 6 ኪሎ ያህል ያነሳል እንጂ አይጨምርም። የሚደክመው የኋላው ሞላ ነው፤ እሱ ሲሰጥም ሞተሩ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ መሪው ይቀላል፣ ነጂውም ችግሩን በፊት ፎርክ ያመካኛል። እንዲህ ያለ ሰው ገንዘቡን ለኋላው ሞላ ቢያውል ይጠቀማል። በአንጻሩ ተዳፋት እየወረደ ፍሬን የሚይዝ ሰው ፊቱን በእውነት ያከብዳል። ሞተሩ፣ ነጂውና ጭነቱ በድምሩ 220 ኪሎ፣ የክብደታቸው መሐል ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ፍጥነቱ በየሴኮንዱ 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየቀነሰ እንዲቆም ሲደረግ ከኋላ ወደ ፊት የሚዛወረው 62 ኪሎ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ዘወትር በደጋማው የሲዳማ ተዳፋት ላይ የሚወርድ ሰው በስሌቱ ከተገኙት ሁለት ቁጥሮች ጠንካራውን ቢይዝ ተገቢ ነው፤ ከሐዋሳ እስከ ቦርቻ ባለው ሜዳና አሸዋማ መንገድ የሚውለው ደግሞ ለስላሳውን ይያዝ።

ሞላው ሲመረጥ በጥምዞቹ (በሽቦው ቀለበቶች) መካከል አንድ ዓይነት ክፍተት ያለው ወይስ ወደ ጫፉ እየተጠጋጋ የሚሄድ እንደሆነም ይታያል። ክፍተቱ እኩል የሆነው ጥንካሬው ከመነሻ እስከ መጨረሻ አንድ ስለሆነ ከላይ ያለው ስሌት በቀጥታ ይሠራለታል። ጥምዞቹ በአንድ ወገን የተጠጋጉት ሲጨመቅ እየጠነከረ የሚሄድ ሲሆን፣ በከተማ ለስላሳ፣ በጉድጓድ ጠንካራ ይሆናል ተብሎ ይሸጣል። እኔ እኩል ክፍተት ያለውን እመርጣለሁ፤ የመጨረሻውን የምልልስ ክፍል በዘይቱ ከፍታ ማጠንከር ስለሚቻል፣ ይህን ሥራ ለሞላው መስጠት አያስፈልግም።

በሐዋሳ የመለዋወጫ ሱቆችም ሆነ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚገኙ ሞላዎች ብዙዎቹ ቁጥር አልተጻፈባቸውም፤ «የከባድ» እና «የቀላል» ብቻ ይባላሉ። ካሊፐር ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ሞላው ራሱ ይነግራችኋል። የሽቦውን ውፍረት፣ የውጪውን ዲያሜትርና የሚሠሩትን ጥምዞች ብዛት ውሰዱ፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ የተደፈጠጡት ጥምዞች አይቆጠሩም። ከውጪው ዲያሜትር የሽቦውን ውፍረት አንድ ጊዜ ቀንሱ፤ ይህ የመካከል ዲያሜትር ነው። ከዚያ የሽቦውን ውፍረት አራት ጊዜ አባዙ፤ ማለትም 4.5 ከሆነ 4.5 በ4.5 በ4.5 በ4.5። ይህን ለሞላ ብረት በሚያገለግለው 78,500 አባዝታችሁ፣ 8 በመካከል ዲያሜትሩ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ በጥምዞቹ ብዛት ለሚመጣው ቁጥር አካፍሉት። 4.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 30 ሚሊ ሜትር የመካከል ዲያሜትርና 40 ጥምዝ 3.73 ኒውተን፣ ማለትም 0.38 ኪሎ በሚሊ ሜትር ይሰጣል። ሽቦው 4.6 ቢሆን ብቻ 0.41 ይደርሳል። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ስለሚለውጥ፣ ቀለም በተቀባበት ቦታ የተለካ ውፍረት ያሳስታል፤ ቀለሙን በጥፍር ፋቅ አድርጋችሁ ለኩ።

ስሌቱን ለማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድም አለ። ሞላው እንዳይጎብጥ በውስጡ በልኩ የሚገባ አጭር በትር አስገቡበትና በክብደት መለኪያው ላይ አቁሙት፤ ከላይ በትሩን የሚያሳልፍ ወፍራም ቱቦ በኮለን ድሪል ወይም በክሪክ ተጭኖ ሞላውን ይግፋው። 20 ሚሊ ሜትር ሲጨመቅ ያለውን ንባብ መዝግቡ፤ 70 ሲደርስ ደግሞ እንደገና መዝግቡ። የሁለቱ ልዩነት ለ50 ሲካፈል ጥንካሬው ነው፤ 19 ኪሎ ከጨመረ 0.38 ነው። ሁለቱንም ሞላዎች ለየብቻ መዝኑ። በመካከላቸው ትንሽ ልዩነት ቢኖር አክሰሉ ሁለቱን እግሮች ስለሚያስተሳስራቸው አማካያቸው ይሠራል፤ 0.40 የታጣበት ሰው አንድ 0.38 እና አንድ 0.42 ቢያጣምር ጥፋት የለበትም። አንዳንድ የውድድር ሞተሮች ሞላ ያላቸው በአንዱ እግር ብቻ ስለሆነ ቁጥራቸው እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ ይህን ከሌላው ጋር እንዳታምታቱ።

ነባሩን ሞላ አሳጥሮ ማጠንከርም በየጋራዡ ይሠራል። ጥምዝ ሲቀነስ ሞላ በእርግጥ ይጠነክራል፤ ከ40 ወደ 36 ቢወርድ 0.38 የነበረው 0.42 ይሆናል። ነገር ግን 440 ሚሊ ሜትር የነበረው 398 ያህል ይሆናል። ጥምዞቹ ተነካክተው እንጨት እስኪሆኑ ድረስ የሚቀረው ርቀትም ይጠባል። ከነጫፎቹ 42 ጥምዝ ሲኖረው የተደፈነ ቁመቱ 189 ስለሆነ 251 ሚሊ ሜትር ይጨመቅ ነበር፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚጨመቀው 227 ብቻ ነው። 200 ምልልስና 15 የመነሻ ጭመቃ 215 ስለሚፈልጉ 12 ሚሊ ሜትር ትርፍ ብቻ ቀረ። አንድ ሰው በኋላ ሌላ ቱቦ ቢጨምርበት ብረት በብረት ይመታል። ይህን ስሌት ለተገዛ አዲስ ሞላም ሥሩት፤ ትርፉ ከ10 ሚሊ ሜትር ካነሰ አትግዙት። የሚቆርጥ ሰውም ብረቱ እንዳይግል በቀጭን ዲስክ ውሃ እያስነካ ይቁረጥ፤ በኦክሲጅን እሳት የተቆረጠ ሞላ ጫፉ ለስልሶ ይደፈጠጣል።

ሞላውን ለመቀየር የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣ፤ ሞተሩም በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቁም። ክዳኑ ሞላውን አፍኖ ስለሚይዝ፣ የላይኛው ማቀፊያ ቡሎን ከላላ በኋላ፣ ፎርኩ ገና በታችኛው ማቀፊያ ተይዞ ሳለ ክዳኑ ይላላ። የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ሲለቁ በእጅ መዳፍ ተጫኑት፤ ፊታችሁንም ከላዩ አርቁ። አሮጌው ዘይት ይፍሰስ፤ አዲሱ ይሞላና እግሩ ደጋግሞ ይሳብ። ከፍታው የሚለካው ሞላው ወጥቶ፣ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ባለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት በመመሪያው ካለው በ10 ሚሊ ሜትር ቢጠብ የመጨረሻው የምልልስ ክፍል ይጠነክራል፤ ከልክ በላይ ቢጠብ ግን የታፈነው አየር ዘይት የሚይዘውን ጎማ ገፍቶ ያፈነዳዋል። ከዚያ ፎርኩ ተዘርግቶ ሞላው፣ ሮንዴላውና ቱቦው ሲገቡ፣ ከፎርኩ ቱቦ አፍ በላይ የሚተርፈው ርዝመትና ክዳኑ ወደ ውስጥ የሚገባበት ጥልቀት ተደምረው የመነሻ ጭመቃውን ይሰጣሉ። ከሞላው በላይ የሚገባው ቱቦ ጫፉ በቶርኖ ወይም በጥንቃቄ በሞረድ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ጋደል ካለ ሞላውን ከግድግዳው ጋር ያፋትገዋል።

ጠንካራ ሞላ ሲመለስም ጠንክሮ ስለሚገፋ ዘይቱም አብሮ ጥቂት መወፈር አለበት፤ ቀላል አሠራር ባላቸው የያማሃ ኤጂ እና የሆንዳ ኤክስኤል ዓይነት ፎርኮች ከ10 ቁጥር ወደ 15 ቁጥር መሄድ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። የሞተር ዘይት አትጠቀሙ፤ በሐዋሳ ሙቀት የሚሠራ የሚመስለው 20 በ50 በሁላ ማለዳ ብርድ ላይ ረግቶ ፎርኩን እንጨት ያደርገዋል።

ሲገጣጠም የአክሰሉ ማቀፊያ ቡሎን መጨረሻ ይጥበቅ፤ ከዚያ በፊት የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ፎርኩን ደጋግማችሁ ተጫኑት፤ እግሮቹ ራሳቸው ቦታቸውን እንዲይዙ ነው። ዝቅታው እንደገና ይለካ። የፕላስቲክ ማሰሪያውን አትፍቱት፤ ወደ ታች ገፍታችሁ የምታውቁትን ክፉ መንገድ በዘወትር ፍጥነታችሁና በዘወትር ጭነታችሁ ሂዱበት። ስትመለሱ ማሰሪያው ከምልልሱ መጨረሻ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ከቆመ ሞላው ተስማምቷችኋል። 50 ሚሊ ሜትር ከቀረው አንድ ደረጃ ውረዱ። ጫፍ ደርሶ ከሆነ አስቀድማችሁ ዘይቱን በ5 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉና ያንኑ መንገድ ድገሙት፤ አሁንም ጫፍ ከደረሰ በ0.02 ከፍ ያለውን ሞላ ያዙ።